ጅግራ፣ ውጅግራ እና የአፈሙዝ ጥበት
ስለ ወፍ ማደኛ ጠመንጃ ሙያዊ ቃላት ታሪካዊ ቅኝት

መካኒሳ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ በዛሬው የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ የሚገኝ ሰፈር ነው። ስሙ ከኦሮምኛ የመጣ ነው፤ በአማርኛ ብሳና የምንለውን ዛፍ ኦሮምኛ በዚህ ስም ይጠራዋል። ስለዚህ አንድ ተርጓሚ ይህን ቃል በጽሑፍ ውስጥ ሲያገኝ የሰፈሩ ስም ከሆነ እንዳለ ይተወዋል፤ የዛፉ ስም ከሆነ ግን «ብሳና» ብሎ ይመልሰዋል። ቃሉ አንድ፣ ፊደሉ አንድ ሲሆን ሥራው ሁለት ነው። የትኛው ሥራ በየትኛው ቦታ እንደሚፈጸም የሚወስነው ቃሉ ራሱ ሳይሆን ቃሉ የሚያመለክተው ነገር ነው።

ይህን ምሳሌ ያስቀደምንበት ምክንያት አለን። በዚሁ በመካኒሳ በአንድ ቤት ተሰብስበን ለአደን መሪዎች የተዘጋጀ የትርጉም ረቂቅ ስንመረምር ውለን ነበር። የመነሻው ጽሑፍ በሰሜን አሜሪካ የሚገኘውን ትልቅ የዱር ወፍ ለማደን የሚስማማ ጠመንጃ እንዴት እንደሚመረጥ የሚያስረዳ ነው። ተርጓሚው ትጉህ ሰው ነው፤ አማርኛውም የጠራ ነው። ነገር ግን ረቂቁ በአርእስቱ «የቱርክ አደን» ይላል፤ በሁለተኛው ገጽ «12 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጠመንጃ» ይላል፤ በአራተኛው ገጽ ደግሞ «ጠባብ ማነቂያ ምረጥ» ብሎ ይመክራል። የመጀመሪያው ስሕተት አንባቢን ፈገግ ያሰኛል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን ጠመንጃውን በእጁ የያዘውን ሰው ሊጐዱ የሚችሉ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ ስሕተቶች ከየት እንደ መጡ በታሪክ መርምሮ፣ ለእርማቱ የሚሆኑ ቃላትን ማቅረብ ነው።

1. የወፉ ስም

በእንግሊዝኛ «ተርኪ» የሚባለው ወፍ ከቱርክ አገር ጋር የሚያገናኘው የትውልድ ሐረግ የለውም። የዱር ወፉ የሰሜን አሜሪካ ተወላጅ ነው፤ ለማዳው ዘር ከሜክሲኮ ተነሥቶ በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በእስፓኞች እጅ ወደ አውሮጳ ገባ። ወፉ ሲደርስ ግን የሚጠብቀው ስም አስቀድሞ ነበረ። አውሮጳውያን ከአፍሪካ የሚመጣውንና እኛ ጅግራ የምንለውን ወፍ ያውቁት ነበር፤ ነጋዴዎቹ በቱርክ ግዛት በኩል ስላመጡት እንግሊዞች የቱርክ ዶሮ ይሉት ነበር። አዲሱም ወፍ በመጣ ጊዜ ሁለቱን ባለመለየት የአንዱን ስም ለሌላው ሰጡት። በኋላ ሁለቱ ሲለዩ ስሙ በእንግዳው ላይ ቀረ፤ ባለቤቱ ጅግራ ግን ሌላ ስም ተፈለገለት።

ሌሎቹም ቋንቋዎች እንዲሁ ወፉን የሌላ አገር ሰው አድርገውታል። ፈረንሳይኛ «የህንድ» ከሚል ሐረግ ስሙን አወጣ፤ ቱርክኛ ራሱ «ሂንዲ» ይለዋል፤ ፖርቱጋልኛ «ፔሩ»፣ ዐረብኛም «የሩም አውራ ዶሮ» ብሎ ይጠራዋል። በፈረንሳይኛው ስም ውስጥ ለኛ ልዩ ትርጉም ያለው ነገር አለ። በመካከለኛው ዘመን አውሮጳውያን ኢትዮጵያን ጭምር «ህንድ» በሚለው ስም ያጠቃልሉ ነበርና፣ «የህንድ ዶሮ» የሚለው አጠራር በመጀመሪያ የተሰጠው ለጅግራ እንደ ሆነ የፈረንሳይኛ ሥርወ ቃል መርማሪዎች ያመለክታሉ።

የሳይንሱ ስም ራሱ ከዚህ መደናገር አልዳነም። ሊኔዎስ በ1758 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካው ወፍ «ሜሌያግሪስ ጋሎፓቮ» የሚል ስም ሲሰጠው፣ የመጀመሪያው ቃል በጽርዕ የጅግራ ስም ነበር። የጅግራ የሳይንስ ስም ደግሞ ዛሬ «ኑሚዳ ሜሌያግሪስ» ነው። እንግዲህ ሁለቱ ወፎች አንዱን የጥንት ስም እስከ አሁን ተካፍለውት ይኖራሉ።

ከዚህ የምንረዳው፣ «የቱርክ አደን» የሚለው ትርጉም ቃሉን እንጂ ወፉን ያልተከተለ መሆኑን ነው። በከተማ ቋንቋ የሚሰማው «ተርኪ» ለለማዳው ወፍ ይበቃል፤ ለዱሩ «የዱር ተርኪ» ማለት ግልጽ ነው። ነገር ግን መጽሐፉ የሚዘጋጀው በኢትዮጵያ ለሚሠሩ አደን መሪዎች ከሆነ፣ በአገራችን የዱር ተርኪ የለምና፣ ትምህርቱ ወደ ጅግራና ወደ ቆቅ መዛወር ይኖርበታል። ይህ ዝውውር የስም ለውጥ ብቻ እንዳልሆነ ወደ ፊት እናያለን።

2. የጠመንጃ ስሞች አመጣጥ

አማርኛ በጦር መሣሪያ ቃላት ድኻ አይደለም። ጥንታዊው ቃል «ነፍጥ» ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን፣ በመጀመሪያ የሚቀጣጠለውን የምድር ዘይት ያመለክት ነበር፤ በኋላ በግብፅ ማምሉኮች ዘመን ትርጉሙ ወደ ባሩድና ወደ ባሩድ መሣሪያ ተዛወረ። «ባሩድ» እና «መድፍ» እንዲሁ የዐረብኛ ዝምድና አላቸው። በ16ኛው ምዕተ ዓመት የኢማም አሕመድ ሠራዊት የቱርክ ነፍጠኞችን፣ የአፄ ገላውዴዎስ ወገን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1541 የመጡትን የክሪስቶቫዎ ዳ ጋማን 400 ያኽል ፖርቱጋሎች ባሰለፉ ጊዜ፣ እነዚህ ቃላት በአገሩ ውስጥ ሥር የሚሰዱበት ሁኔታ ተፈጠረ።

ሁለተኛው ማዕበል የ19ኛው ምዕተ ዓመት ነው። በዚህ ጊዜ አማርኛ የወሰደው የመሣሪያ ዓይነቶችን መጠሪያ ነው። የእንግሊዙ ስናይደር «ሰናድር» ሆነ፤ የቤልጅግ አገር ሥራ የሆነው «ቤልጅግ» ተባለ፤ ከፈረንሳይኛ የመጣው የተኩስ መኪና ስም «መትረየስ» ሆኖ ቀረ። ከሁሉ የሚደንቀው «ውጅግራ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው የፈረንሳይ ጠመንጃ በሠሪው በግራ ስም «ፉዚ ግራ» ይባል ነበር። «ፉ» ወደ «ው» ሲለወጥ፣ «ዚ» ወደ «ጅ» ሲላንቅ፣ ሁለቱ ቃላት ተጋጥመው አንድ የአማርኛ ቃል ወለዱ።

እዚህ ላይ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆችን እናስጠነቅቃለን። ውጅግራ በመጨረሻዎቹ ፊደላት ጅግራን ይዞ ስለሚገኝ፣ «የጅግራ ማደኛ ጠመንጃ» ነው የሚል የሕዝብ ሥርወ ቃል ሊነሣ ይችላል። ነገሩ የድምፅ አጋጣሚ ብቻ ነው። ውጅግራ ባለ አንድ አረር የጦር ጠመንጃ ነው፤ ጅግራን በውጅግራ የመታ ሰው ከወፉ የሚያገኘው ላባውን ነው።

በሌላ በኩል አማርኛ ከራሱ ሥር የፈጠራቸው ቃላት አሉ። «ሽጉጥ» ከ«ሸጐጠ» የወጣ ነው፤ መሣሪያውን በአሠራሩ ሳይሆን በአያያዙ ሰይሞታል። «አፈሙዝ» «አፍ» ከሚለው ተነሥቶ የተኩሱን መውጫ ያመለክታል። «ባለ ሁለት አፍ» የሚለው አጠራርም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። እነዚህ ቃላት ለቃል ፈጠራ አብነት ይሆናሉ፤ አጭር ናቸው፣ ሥራን ወይም ቅርጽን ያሳያሉ፣ ማስረጃ አያሻቸውም።

ታዲያ ይህን ያኽል ሀብት እያለ ለወፍ ማደኛ ጠመንጃ ክፍሎች ስም የታጣው ስለ ምንድን ነው? መልሱን በታሪክ ውስጥ የምናገኘው ይመስለናል። በአገራችን የአደን ባህል ክብር የሚያስገኘው ዝሆንን፣ አንበሳን፣ ጐሽን መግደል ነበር። ፉከራውም ሆነ ሽልማቱ ለእነዚህ ነው። ቆቅና ጅግራ ግን በወጥመድ ወይም በዱላ ውርወራ የሚያዙ የእረኞች አደን ነበሩ፤ «ቆቅ ወዲህ፣ ምዝግዝግ ወዲያ» የሚለው ተረት የዚህ ምስክር ነው፤ ምዝግዝግ የዱላው ውርወራ ነውና። ባሩድና አረር ውድ በነበሩበት ዘመን ለወፍ የሚያባክናቸው ጥቂት ነው። ቋንቋ ደግሞ ስም የሚያወጣው ለሚጠቀምበት ነገር ነው።

3. የጥበት ታሪክ

የወፍ ማደኛው ጠመንጃ ከጦር ጠመንጃ የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ ጥምዝ መሥመር የሌለበት ልሙጥ ነው። ሁለተኛ፣ በአንድ ተኩስ የሚወጣው አንድ አረር ሳይሆን በመቶዎች ሊቈጠሩ የሚችሉ ጥቃቅን የእርሳስ ቅንጣቶች ናቸው። ቅንጣቶቹ ከአፈሙዙ እንደ ወጡ እየተበተኑ ይሄዳሉ፤ ርቀቱ ሲጨምር በመካከላቸው የሚገኘው ክፍተት ይሰፋል፤ ወፉም በዚያ ክፍተት ያመልጣል።

ይህን መበተን ለመቈጣጠር የተገኘው ብልሃት የቱቦውን ጫፍ በጥቂቱ ማጥበብ ነው። በእንግሊዝ አገር ፔፕ የተባለው ሠሪ በ1866 እ.ኤ.አ.፣ በአሜሪካ ደግሞ ሮፐር በ1868 እ.ኤ.አ. ለዚህ የፈጠራ መብት አግኝተዋል፤ የበርሚንግሃሙ ግሪነር ከ1874 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሻሽሎ አስፋፋው። ዘመኑን ልብ እንበል። 1868 መቅደላ የወደቀችበት ዓመት ነው፤ በ1875 እና በ1876 እ.ኤ.አ. በጉንደትና በጉራዕ ድል የተደረገው የግብፅ ሠራዊት ሬሚንግተን ታጥቆ ነበር። በእነዚያው ዐሥር ዓመታት ውስጥ አማርኛ የጦር ጠመንጃ ስሞችን አንድ በአንድ ሲቀበል፣ በዚያው ዘመን የተወለደው የወፍ አዳኞች ብልሃት ግን ወደ አገሩ የሚያመጣው ምክንያት አልነበረውም። ስሙም አብሮ ቀረ።

የማጥበቡ መጠን ለዓይን የሚታይ አይደለም። «ሙሉ» የሚባለው ደረጃ ከቱቦው ስፋት 1 ሚሊሜትር ያኽል ብቻ ይቀንሳል፤ መካከለኛው ግማሽ ሚሊሜትር፣ ቀላሉ ደግሞ ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ውጤቱ ግን ይለያያል። በተለመደው መለኪያ 36 ሜትር ተኩል ያኽል ርቀት ላይ 76 ሴንቲሜትር አግድመት ያለው ክብ ተስሎ ይተኰስበታል። በሙሉው ጥበት ከመቶ 70 ያኽሉ ቅንጣት፣ በመካከለኛው 60 ያኽሉ፣ በቀላሉ 50 ያኽሉ በክቡ ውስጥ ያርፋል።

ከዚህ ተነሥተን ስለ ዝውውሩ የተናገርነውን እናስረዳ። የዱር ተርኪ አዳኝ ተደብቆ፣ የወፉን ድምፅ እያስመሰለ ጠርቶ፣ በመሬት ላይ የቆመውን ወፍ ራሱንና አንገቱን ይመታል። ዒላማው ጠባብ ስለ ሆነ ከሙሉው እንኳ የጠበበ አፈሙዝ ይመረጥለታል። ጅግራና ቆቅ ግን በአብዛኛው ሲበረግጉ፣ ብድግ ብለው ሲበሩ፣ ከ20 እስከ 25 ሜትር ርቀት ላይ የሚተኰስባቸው ናቸው። በዚህ ቅርበት እጅግ የጠበበ አፈሙዝ ወይ ይስታል፣ ወይ ሥጋውን አበላሽቶ ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል፤ የሚስማማው ቀላሉ ጥበት ነው። ስለዚህ «ተርኪ» የሚለውን «ጅግራ» ብሎ የተካ ተርጓሚ «እጅግ ጠባብ» የሚለውንም ካልለወጠ፣ ቃላቱ ሁሉ ትክክል ሆነው ምክሩ ሐሰት ይሆናል።

4. ቁጥርና ስፋት

«12 ሚሊሜትር» የሚለው ስሕተት የበለጠ ክፉ ነው። የዚህ ጠመንጃ ቁጥር የርዝመት መለኪያ አይደለም፤ አሮጌ የክብደት ስሌት ነው። ከአንድ ፓውንድ፣ ማለትም ከ453.6 ግራም እርሳስ እኩል 12 ድቡልቡል አረሮች ቢሠሩ፣ የአንዱ አረር ስፋት የ12 ቁጥር ቱቦ ስፋት ነው፤ ይህም 18.5 ሚሊሜትር ያኽል ይሆናል። 20 አረሮች ቢሠሩ እያንዳንዱ ያንሳልና፣ 20 ቁጥር 15.6 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያድግ ስፋቱ ያንሳል። የቅንጣቶቹም ቁጥር እንዲሁ ነው፤ 4 ቁጥር ቅንጣት ከ6 ቁጥር ይበልጣል። ከዚህ ሕግ የሚወጣው 410 የሚባለው ብቻ ነው፤ እርሱ በኢንች ሺኛ የተለካ ስፋት ሲሆን 10.4 ሚሊሜትር ይሆናል።

ይህን ያልተረዳ አንባቢ «ትልቅ ቁጥር ለትልቅ ጠመንጃ» ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም። መዘዙ ግን ከባድ ነው። የ20 ቁጥር ጥይት በ12 ቁጥር ጠመንጃ ውስጥ ቢገባ ከጐረሶው አልፎ በቱቦው ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀራል፤ ተኳሹ ባዶ መስሎት የ12 ቁጥር ጥይት አጕርሶ ቢተኩስ ቱቦው በግራ እጁ ላይ ይፈነዳል። ፋብሪካዎች የ20 ቁጥርን ቀለህ ቢጫ ቀለም የሚቀቡት ለዚህ ነው። ቀለሙ የሚያስጠነቅቀውን ትርጉሙ መደበቅ የለበትም።

5. የምናቀርባቸው ቃላት

ለሙያዊ ቃላት ሥራ የምንከተለው ቅደም ተከተል የታወቀ ነው፤ በመጀመሪያ በአማርኛ ውስጥ መፈለግ፣ ቀጥሎ ወደ ግእዝና ወደ ሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች መሄድ፣ በመጨረሻ መዋስ። በዚህ መሠረት የሚከተሉትን ለውይይት እናቀርባለን።

ለጥቃቅኖቹ የእርሳስ ኳሶች «ፍሬ» የሚለው ቃል በመጀመሪያ ወደ አፍ ይመጣል። ነገር ግን «አንድ ፍሬ ጥይት» ሲባል ሙሉው ጥይት ስለ ሆነ ሁለቱ ይምታታሉ። ስለዚህ «ቅንጣት» እንመርጣለን፤ እንደ ሥሪቱም «የእርሳስ ቅንጣት»፣ «የብረት ቅንጣት» ይባላል። ይህ ልዩነት ለደኅንነትም ያስፈልጋል፤ አሜሪካ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በውኃ ወፎች አደን እርሳስን ከከለከለች ወዲህ የብረት ቅንጣት ተስፋፍቷል፤ ብረት ደግሞ እንደ እርሳስ ስለማይለዝብ በጠባብ አፈሙዝ ሲያልፍ በተለይ አሮጌ ጠመንጃን ይጐዳል።

ለጠመንጃው ራሱ «የአደን ጠመንጃ» የሚለው ሰፊ ነው፤ ደጋ አጋዘን የሚታደንበትንም ይጨምራል። «ባለ ሁለት አፍ» ባለ አንዱን ያስቀራል። «በታኝ ጠመንጃ» የሚል ሐሳብ በመካከላችን ቀርቦ ነበር፤ ከሥራው አንጻር ውብ ነው። ዳሩ ግን «አድማ በታኝ» የሚለው አጠራር በሰፊው ስለሚታወቅ ሰሚው ወፍን ሳይሆን ሰልፍን ያስባል። ስለዚህ «የቅንጣት ጠመንጃ» የሚለውን እናስቀድማለን።

«ማነቂያ» ቃል በቃል የተተረጐመ ነው፤ በአማርኛ ግን አንገትን የሚያንቅ ገመድ ነው። «ጠባብ ማነቂያ ምረጥ» የተባለ የአደን መሪ ወጥመድ ሊያዘጋጅ ይችላል። የምናቀርበው «የአፈሙዝ ጥበት» ነው። ደረጃዎቹም «ጥበት የለሽ»፣ «ቀላል ጥበት»፣ «መካከለኛ ጥበት»፣ «ሙሉ ጥበት» እና «እጅግ ጥብቅ» ይሆናሉ። «ሙሉ» የሚለው ቅጽል ግን «ጥበት» ከሚለው ስም ፈጽሞ መለየት የለበትም፤ ብቻውን ሲቆም «ሙሉ በሙሉ ክፍት» ተብሎ የተገላቢጦሽ ይነበባል።

የቱቦውን ስፋት በተመለከተ «ቁጥር» የሚለው ይቀመጥ፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ መጽሐፍ መጀመሪያ ቁጥሩ ተገላቢጦሽ መሆኑ ተገልጾ ሚሊሜትሩ አብሮ ይጻፍ። «12 ቁጥር፣ 18.5 ሚሊሜትር» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ ሁለት ቃላት ጨምሮ አንድ እጅ ያድናል። «አፈሙዝ» ደግሞ ለጫፉ ብቻ ይወሰን፤ ለመላው አካል «ቱቦ» ይባል። በንግግር ሁለቱ ቢቀላቀሉም፣ ጥበቱ በጫፉ ላይ እንጂ በመላው ቱቦ ላይ ስላልሆነ፣ በሙያ ጽሑፍ መለየት ግዴታ ነው።

6. ማጠቃለያ

በአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ ረጅም ታሪክ አለው፤ በ1944 እ.ኤ.አ. ከወጣው አዋጅ ቁጥር 61 አንሥቶ እስከ 1999 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 541 ድረስ ይዘልቃል። የጦር መሣሪያ አያያዝም በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ይገዛል። አደን በፈቃድ፣ ጠመንጃም በፈቃድ የሚያዝበት አገር እንደ መሆኑ፣ በፈቃዱ ላይ የሚጻፈው ቃልና በመመሪያው ላይ የሚነበበው ቃል አንድ ሊሆኑ ይገባል። የሙያዊ ቃላት ሥራ ለጌጥ የሚሠራ አይደለም የምንለው ስለዚህ ነው።

ረቂቁን ለተርጓሚው በመለስንለት ጊዜ አርእስቱ «የጅግራና የቆቅ አደን» ሆኖ፣ ምክሩም ከ«እጅግ ጥብቅ» ወደ «ቀላል ጥበት» ተዛውሮ ነበር። ተርጓሚው «ታዲያ ይህ ትርጉም ነው ወይስ አዲስ መጽሐፍ?» ብሎ ጠየቀን። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ግን አባቶች ስለ ቆቁና ስለ ዱላው የተናገሩት ነው፤ ዱላው የቱንም ያኽል በኀይል ቢወረወር ቆቋ ካለችበት ወገን ካልሆነ ውርወራ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ተርጓሚም የሚያነጣጥረው በመነሻው ቋንቋ ቃል ላይ ብቻ ከሆነ፣ ወፉ በስተጀርባው ይበራል። ከላይ ያቀረብናቸውን ቃላት አንባቢዎቻችን በሥራ ላይ አውለው ጉድለታቸውን ቢያሳውቁን፣ ለሚቀጥለው ዝርዝር መሠረት ይሆናሉ።